ስማቸው የማይጠራ ባሎችና የአማቼ ማሽን

ልጆቹ ናቸው ያስጀመሩኝ። መልካሙ ከዩኒቨርሲቲው ጡረታ የወጣ ጊዜ፣ ካርሜ ጋት በሚባለው ሰፈር አዲሱ ቤታቸው ተሰብስበን ሳለ፣ የልጅ ልጆቼ ከበቡኝና «ሳቭታ፣ አያታችን፣ አባታችን ሥራውን እንዴት እንዳገኘ የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉ፤ ንገሪን» አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት አንደኛዋ «ቆይ፣ ጻፊው። ስታወሪ መሃል መንገድ ላይ ትጠፊያለሽ» አለች። ውሸቷን አይደለም። ስለ ሽንኩርት ጀምሬ ሱዳን የምደርስ ሴት ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ትምህርት ቤት ደጃፉን አልረገጥኩም፤ ፊደሉንም ታላቅ ወንድሜ ሲያጠና ከጎኑ ተቀምጬ ጥጥ እየፈተልኩ ነው የለቀምኩት። የተጣመመ ነገር ካገኛችሁ በጥጡ አመካኙ።

መልካሙ የልጄ የተዋበች ባል ነው። በደርግ ጊዜ መንግሥት ሌኒንግራድ ልኮት ተማረና ዶክተር ተብሎ ተመለሰ። ዶክተር ሲባል ሰምቼ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ጉልበቴን ገልጬ ላሳየው ስል ተዋበች ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ። «እማዬ፣ እሱ እኮ የሰው ዶክተር አይደለም!» አለችኝ በሹክሹክታ። «ታዲያ የከብት ነው?» አልኳት። የከብትም አልነበረም።

ኋላ ሁላችንም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን እስራኤል መጣንና፣ ዞሮ ዞሮ ዕጣችን ቂርያት ጋት የምትባል ከተማ ላይ ወደቀ። አሳንሰር የሌለው ፎቅ፣ የላይኛው ቤት። የመልካሙ ዶክተርነት በሩሲያኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ሆኖ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኛ። እሱ ራሱ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ጨርቅ ፋብሪካ ገብቶ ካርቶን ያሽግ ጀመር። ትምህርቱ የጠቀመን ደረጃው ላይ ብቻ ነው። ከሩሲያ የመጡት ጎረቤቶቻችን አንድ ጥቁር ሰው በገዛ ቋንቋቸው ሰላም ሲላቸው ጊዜ፣ አንደኛዋ ሴትዮ ደንግጣ የያዘችውን ዱባ ለቀቀችው፤ ዱባው እስከ ምድር ቤት ተንከባለለ። ከዚያ ወዲህ ግን ሾርባ ይልኩልን ነበር። የዱባ ሾርባ።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ፣ ካርቶን የላጠው እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ሳለ አሳዘነኝና «ልጄ፣ ለመሆኑ የተማርከው ምንድነው?» አልኩት።

«አመክንዮ ነው፣ እማማ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ይኸ ራስ መነቅነቅ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ፣ ኡልፓኑ ውስጥም ብዙ ነገር አሳልፎኛል። መልካሙ ግን ራስ የሚነቀነቅበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ነው።

«ዳኛ ያውቁ የለ?» አለኝ። «ምስክሩ ያየውን ይናገራል። ሕጉ አለ። ዳኛው ሁለቱን አጋጥሞ፣ ማንም ያልነገረውን ፍርድ ያወጣል። እኔ የማጠናው ማሽን እንዲህ መፍረድ እንዲችል ማድረግ ነው። የነገሩትን ይይዛል፣ ሕጉን ይይዛል፣ ከዚያ ያልነገሩትን ራሱ ይደርስበታል። ለምን እንዲህ አልክ ቢሉት ደግሞ ምክንያቱን አንድ በአንድ ይነግርዎታል።»

«ጉቦስ ይበላል?»

«አይበላም።»

«እንግዲያስ ምኑን ዳኛ ሆነ!» አልኩት። ሳቀ። እዚህ አገር ከገባን እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ቤርሳቤህ ያለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለስደተኛ ምሁር የሚሆን አንድ ቦታ ተከፈተ። ቦታው አንድ፣ ፈላጊው ግን ለጉድ ነው። ያን ጊዜ ሩሲያ ዶክተሮቿን በሙሉ የላከችብን ይመስል ነበር፤ የኛን ደረጃ የሚጠርገው ሰውዬ እንኳ ዶክተር ነበር። ታዲያ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር መልካሙን አስጠርቶ «ወረቀት ሁሉም አለው። ማሽንህ እውነተኛ ሰዎች ላይ ሲፈርድ አሳየኝ፤ ደህና ከሆነ ለኮሚቴው እናገርልሃለሁ» አለው። ካልሆነ መልካሙ ካርቶን ሲያሽግ ሊያረጅ ነው። 

ማሽኑ በምን ነገር ይፍረድ? ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ መልካሙ እኔ ነኝ ይላል፤ ተዋበች ሁለታችሁም አይደላችሁም ትላለች። የሆነው ሆኖ የዝምድና ቆጠራ ይሁን ተባለ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ልጅ ስንድር ሰባት ቤት ቆጥረን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተገናኙ አይጋቡም። አገር ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ በየመንደሩ ነበር። እዚህ አንዱ ቆጣሪ ሰሜን ተጣለ፣ ሌላው የስደተኛ ተጎታች ቤት፣ ካራቫን ውስጥ ቀረ፣ ልጆቹ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ተያይተው ይዋደዳሉ። ማሽኑ ይህን ቢያውቅ ለሁላችንም ዕረፍት ነው።

ማሽኑን ከዩኒቨርሲቲው አውሰውት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ፊቱ እንደ ቴሌቪዥን ነው፤ ሆዱ ግን ለብቻው ሳጥን ውስጥ ነው። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እኔ ነጠላዬን አልብሼ ከዓይን ሸፈንኩት። መልካሙ ገልጦ «ይታፈናል፣ እማማ» አለኝ። እሱ ሥራ ሲሄድ መልሼ ሸፈንኩት።

ከዚያ እኔ ምን አደረግሁ? ገበያ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለታከለች፣ «አማቼ ዘመድ የሚቆጥር ማሽን አምጥቷል» አልኳት። ለታከለች አንድ ነገር መንገር ማለት የእስራኤል ሬዲዮ ላይ መናገር ነው። በማግስቱ ደረጃው በሴት ተሞላ። ታከለች ራሷ ወንድ ልጇን ልትድር የቸኮለች ናት፤ ልጁ የወደደው ከትግራይ ወገን የሆነችውን የለተን ልጅ ነበር። ለተ ዝምተኛ ናት፤ ባሏ በእግር ወደ እስራኤል ሲመጡ በሱዳን መንገድ ሞተው የቀሩባት ናት። እሷም መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። የመልካሙ እናት እትዬ ወርቄም ሱፏን በኪሷ ይዛ መጣች።

መልካሙ ፋብሪካ ስለሚውል፣ እኛ የምንናገረውን ማሽኑ ላይ የምትመታው ተዋበች ነበረች። ታከለች ከአያት ቅድመ አያት ጀምራ እንደ ውሃ አወረደችው። እኔም አወረድኩት። የሞተውን፣ ያገባውን፣ የፈታውን፣ በሬ የሰረቀውን ሳይቀር። ተዋበች «በሬውን ተዪው፣ እማዬ» ትላለች።

ከዚያ ባሎቻችን ላይ ደረስን።

«እትዬ ታከለች፣ የልጆችዎ አባት ስማቸው ማን ነው?»

ታከለች አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «ኧረ አንቺ! እሳቸው ናቸዋ!»

«ማሽኑ እኮ እሳቸው ቢሉት አያውቅም።»

«እንግዲህ ማሽኑን ምን ላድርገው? ከአፌ አይወጣም።»

ዛሬ ልጆቹ ባላቸውን በቁልምጫ ሲጠሩ እሰማለሁ፤ ደግ አደረጉ። እኛ ግን የባላችንን ስም አንጠራም። ነውር ነው፤ ከነውርም በላይ ነው፤ አፋችን አልለመደውም። እትዬ ወርቄም አልጠራችም። ለተ መሬት መሬት አየች። እኔ ተራዬ ሲደርስ ተዋበች ዓይን ዓይኔን ታያለች። የገዛ አባቷን ስም መች አጣችው፤ ግን በእኔ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሴት መሃል እሳቸውን በስም አንስታ መምታት አሳፈራት። የአማቷንማ ስም፣ እትዬ ወርቄ ሱፏን እየፈለፈለች አጠገቧ ተቀምጣ፣ እንዴት አድርጋ! እንዲህ ነው እኮ ያሳደግኋት። «ባዶውን ይቆይ፤ ኋላ ከመልካሙ ጋር እንሞላዋለን» አለችና አለፈችው። ኋላ ግን ሕፃን ልጃቸው ትኩሳት ያዘው፤ ነገሩም ተረሳ።

ፕሮፌሰሩ ዓርብ ሊያየው ስለሚመጣ፣ ሐሙስ ዕለት መልካሙ ከሥራ እንደገባ ሊሞክረው ነበር። እኔ ደግሞ ለእንግዳው ክብር ብዬ ማሽኑን የማለብስበትን ጨርቅ ካውያ ሰክቼ ስተኩስ ቆየሁ። የውሃ ማሞቂያው በርቷል፣ ማሽኑ በርቷል፣ ምድጃው በርቷል። ጧ አለ። የእኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች ደረጃው በሙሉ ጨለመ፤ ከታች በሩሲያኛ ምን እንደተባለ መልካሙ ሊተረጉምልኝ አልፈቀደም። መብራቱ የተመለሰው ዓርብ ጠዋት ነው። መልካሙም ማሽኑን ሳይሞክር ፋብሪካ ሄደ። ጨርቁ ግን በደንብ ተተኩሶ ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ፕሮፌሰሩ መጣ። ሴቶቹ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ይጠብቁ ነበር። ሰውዬው ቁምጣ ሱሪና ሰንደል ጫማ አድርጎ ገባ።

«ይኸ ነው መልካሙን ሥራ የሚያስገባው?» አለች ታከለች። «መጀመሪያ ለሱ ጫማ እንግዛለት።»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል» አልኳት።

«በአማርኛ ነው የሚሰማኝ?»

ሰውዬው ግን ደግ ነው። ለእያንዳንዳችን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ማሽኑ የለበሰውንም ጨርቅ በጥንቃቄ አጥፎ ሰጠኝ። ከዚያ በመልካሙ አስተርጓሚነት «ለመጋባት የሚያስቡ ልጆች ያላችሁ አላችሁ?» አለ። ታከለች ኡልፓን እንዳለች እጇን አወጣች።

መልካሙ የሷን ልጅና የለተን ልጅ ስም መታ። ማሽኑ ትንሽ አሰበ። አንዲት መስመር ወጣች። መልካሙ ጎንበስ ብሎ አነበባት።

«ምን አለ?» አልን ሁላችን።

«አይጋቡም ይላል።»

«ለምን?»

«ወንድምና እህት ናቸው ይላል።»

ታከለች ብድግ አለች። «የምን ወንድምና እህት! አንቺ ለተ፣ ያንቺ ባል ጎንደር መጥተው ያውቃሉ?»

«የእኔው የሱዳንን መንገድ እስኪጀምሩ ድረስ ከሽሬ ወዲያ ተሻግረው አያውቁም» አለች ለተ በዝግታ። «ያንቺውስ?»

ታከለች ነጠላዋን አጣፋች። «የእኔው እንኳ… ማረሻ ይዘው ገበያ ለገበያ ይዞሩ ነበር» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ዓይኗ ግን ሩቅ ሄደ።

ፕሮፌሰሩ ሌላ ሁለት ልጆች ይሞከሩ አለ። ወንድምና እህት። ሌሎች ሁለት። ወንድምና እህት። መልካሙ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ሰውዬው በዕብራይስጥ አንድ ነገር ሲለው ፈራ ተባ እያለ የራሱንና የተዋበችን ስም መታ።

ማሽኑ አላፈረም። ወንድምና እህት ናችሁ አላቸው።

ተዋበች ሻይ የደረደረችበትን ሰርቪስ ይዛ መሃል ሳሎን ቀረች። እትዬ ወርቄ ሱፍ መፈልፈሏን ተወችና ወደኔ ዞረች።

«ምን ታይኛለሽ?» አልኳት።

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

«የእኔው ሸማኔ ነበሩ። ከሽመና ጉድጓዳቸው ወጥተው አያውቁም!»

«እኔስ ምን አልኩ?»

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን እውነቴን ነው፣ ለአንዲት አፍታ ማሽኑን አመንኩት። መልካሙ የተማረ ሰው ነው፣ ማሽኑም ከዩኒቨርሲቲ ነው፣ ጉቦ አይበላም ተብሏል። ዕድሜዬን ሙሉ ያላወቅሁት ነገር ቢኖርስ? ታከለችም በጎን «ቄሱ ይጠሩ እንዴ?» ትላለች። ልጅ ወልደው ልጁ ጥርስ ካወጣ በኋላ ቄሱ መጥተው ምን ሊያደርጉ ነው?

«ለምን በለዋ!» አልኩት መልካሙን ጮክ ብዬ። «ለምን ቢሉት ይመልሳል ብለኸኝ የለ!»

ለምን ብሎ ጠየቀው። ማሽኑ ዘረዘረ። መልካሙ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስሄደ ለፕሮፌሰሩ በዕብራይስጥ፣ ለኛ በአማርኛ አነበበ። «የተዋበች አባት፣ ባዶ። የመልካሙ አባት፣ ባዶ። ባዶና ባዶ አንድ ናቸው። ስለዚህ አባታቸው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ወንድምና እህት ናቸው።» ቀና ብሎ ተዋበችን አያት። ተዋበች ሰርቪሱን አስቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ስም ያልጠራንላቸው ባሎቻችን በሙሉ፣ ሸማኔው፣ ባለማረሻው፣ የሽሬው፣ ማሽኑ ውስጥ አንድ ሰው ሆነው፣ እኛን ሁላችንን አግብተው፣ የሰፈሩን ልጅ በሙሉ ወልደው ነበር።

መልካሙ ይህን ሲያስረዳው ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውልቆ እስኪያለቅስ ሳቀ። እኛም እሱን አይተን ሳቅን። መልካሙ ብቻ አልሳቀም። ሰውዬው ዓይኑን ጠርጎ፣ መስኮቱን አየና ድምፁን ቀነስ አድርጎ ተናገረ። መልካሙ አልተረጎመልንም፤ ተዋበች ነች በጆሮዬ የነገረችኝ። ኮሚቴው እሁድ ይሰበሰባል፤ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ያየሁት ይኸ ከሆነ ይኸንኑ ነው የምናገረው፤ ሰንበት ሳይገባ ልታስተካክለው ትችላለህ ወይ ብሎታል።

ፀሐይዋ ማዶ ፎቆቹ ላይ ያሉት የውሃ በርሜሎች ዘንድ ደርሳለች። ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሲገባ ማሽኑ ይጠፋል፤ በእኛ ቤት ይህ ክርክር የለውም።

«እናቶቼ፣» አለ መልካሙ፣ «ስማቸውን ንገሩኝ።»

አልጠራንም። ፈልገን አይደለም። እኔ ለመጥራት ሞክሬያለሁ፤ ከንፈሬ ተከፍቶ ምላሴ እንቢ አለኝ። የልጄ እንጀራ ነው እያልኩ ራሴን እገስጻለሁ፤ ምላሴ አይሰማኝም።

ያዳነችን የታከለች ነገረኝነት ነች። «የራሴን አልጠራም፤ የሷን ግን ለምን አልጠራም?» አለችና የእኔን ባል ስም ከነአባታቸው ጮክ ብላ ጠራች። ደንግጬ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ከዚያ እልህ ያዘኝና የሷን ጠራሁባት። እትዬ ወርቄ «ያንቺማ ቅጽል ስምም ነበራቸው» ብላ ቀጠለች፤ የሷንም እኛ ጠራን። ቤቱ የባል ገበያ ሆነ። መልካሙ ገና ምንም አልመታም፤ ሁሉም እስኪሟላ እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል።

ለተ ብቻ ቀረች። የሷን ባል የሚያውቅ ከመሃላችን አንድም ሰው የለም። ሁላችንም ወደሷ ዞርን፤ ዞረንም አፈርን።

«እትዬ ለተ፣ ግድ የለም» አለ መልካሙ። «እርስዎን አላስጨንቅም። ይቅር።»

ይቅር ሲል ሥራውን እየተወ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የለተን ልጅና የታከለችን ልጅ ነው ሰውዬው የጠየቀው።

ለተ ማሽኑን አየችው። «ይሰማል?»

«አይሰማም። የመታንበትን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ መልካሙ ዘንድ ሄዳ ጎንበስ አለችና በጆሮው ተናገረች። አጭር ነው። ከዚያ ተመልሳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። መልካሙ ወንበሩን ወደ ማሽኑ አዞረ። ቀጥሎ ጀርባውን ሰጥቶን መታ፣ መታ፣ አቆመ። የልጆቹን ስም ደግሞ ጠየቀው።

«ዘመድ አይደሉም» አለ። «ይጋባሉ።»

ታከለች እልል አለች። ፕሮፌሰሩ ከወንበሩ ዘለለ። ከዚያ መልካሙ ሌሎቹን ጠየቀ፣ የራሱንና የተዋበችን ጠየቀ፤ ማሽኑ ሁሉንም ለቀቃቸው። ሰውዬው ወደ ማሽኑ ጠጋ ብሎ መልካሙ የመታውን ረጅም ጊዜ አየው፤ ቀና ብሎም የመልካሙን ትከሻ ያዘና ነቀነቀው። ሻዩን ቆሞ ጠጥቶ በሰንደሉ እየሮጠ ደረጃውን ወረደ። ሰንበት ሊገባ ትንሽ ሲቀር ማሽኑን አጠፋነው፤ እኔም በተተኮሰው ጨርቅ ሸፈንኩት።

መልካሙ ቦታውን አገኘ። የለተና የታከለች ልጆችም ተጋቡ፤ ሠርጉ ላይ ታከለች ማሽኑም ይጠራ ብላ ነበር።

ይህን ሁሉ ዘመን እኔ ሳወራው፣ ባሎቻችንን ተጠራርተን መልካሙን ሥራ አስገባነው እያልኩ ነው። ለተ ያረፈች ጊዜ፣ ከመቃብር ስንመለስ መልካሙ ክንዴን ይዞኝ እየሄድን «እማማ፣ ያን ዓርብ እትዬ ለተ ስም አልነገሩኝም» አለኝ።

«ታዲያ በጆሮህ ምን አለችህ?»

«'ልጄ፣ ስማቸውን መጥራት አልችልም፤ ነበሩ ብቻ በልልኝ' ነው ያሉኝ።»

እሷን ብቻዋን ባዶ አድርጎ መተው አላስቻለውምና የጠራንለትን ስም አንዱንም አልመታውም። የመታው አንዲት ሕግ ነው፦ ስሙ ያልተጠራ ሰው ሁሉ ነበረ፤ አንዱም ሌላው አይደለም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያስተማረውም ይህችኑ ኖሯል።